«ምን ሥራ ነበር የምትሠራው፣ ልጄ?»

ከሥራ የተቀነስኩት ሰኞ ቀን ነው። ዘጠኝ ዓመት በሒሳብ ሠራተኝነት የቆየሁበት ድርጅት ክፍላችንን ሲያጥፍ ከሌሎቹ ጋር ወጣሁ። ያጠፋሁት ነገር አልነበረም። ያፈርኩት ግን እንዳጠፋ ሰው ነው። ለባለቤቴ እንኳ የነገርኳት በሦስተኛው ቀን ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጭራሽ ላለመናገር ወሰንኩ።

እሑድ እሑድ አርፍጄ እገባለሁ፣ የመጨረሻው መዝሙር ሳያልቅ ሹልክ ብዬ እወጣለሁ። የምሸሸው «ሥራ እንዴት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ነበር። ሰው ለሰላምታ ያህል የሚላት ነገር ናት፤ እኔን ግን እንደ ጦር ትወጋኝ ነበር። ማታ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ እጸልያለሁ። ጸሎቴ ልመና ሳይሆን ሙግት ነበር።

በአንዱ ሌሊት የኤልያስን ታሪክ ገልጬ አነበብኩ፤ 1ኛ ነገሥት 19። ነቢዩ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ይለምናል። እግዚአብሔር አልተቆጣውም። መልአኩ ቀስቅሶ ብላ አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። እንደገና ቀስቅሶ አበላው። 40 ቀንና 40 ሌሊት የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ስንት ጊዜ አንብቤው ይህ አልታየኝም ነበር። በዚያ ሳምንት ሥራ ፍለጋውን ትቼ በሰዓቱ በላሁ፣ በሰዓቱ ተኛሁ። ሥራ አጥቶ ለሚጨነቅ ሰው ዛሬም መጀመሪያ የምለው ይህንኑ ነው፤ አእምሮህ ደክሞ ሳለ የምትጽፈው ማመልከቻ ድካምህን ይዞ ነው የሚሄደው።

ሁለተኛው ወር ላይ ማክሰኞ ማታ ወደምንሰበሰብበት የጸሎት ኅብረት ሄድኩ። የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ «አንድ ጉዳይ አለኝ፣ ጸልዩልኝ» አልኩ። ጸለዩልኝ። ቤቴ ስገባ ምንም አልቀለለኝም። በሚቀጥለው ማክሰኞም እንደዚያው። በሦስተኛው ግን በኅብረቱ ትልቋ የሆኑት እናት ጸሎቱ ሊጀመር ሲል እጃቸውን አንሥተው፣ «ቆይ፣ ጉዳዩ ምንድነው?» አሉኝ።

አፌ ደረቀ። «ሥራ የለኝም። ሁለት ወር አለፈኝ» አልኩ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እሳቸው ግን ቦርሳቸውን ከፍተው መነጽራቸውን አወጡ። ቀጥለው የስብከት ማስታወሻ የሚይዙበትን ደብተርና እስክሪብቶ አወጡ። ደብተሩን በመጨረሻው ገጽ በኩል ገለጡትና «ምን ሥራ ነበር የምትሠራው፣ ልጄ?» አሉ።

ስድስት ዓመት አብረን ጸልየናል። ልጄ ሲታመም ያደሩት ከእኛ ጋር ነው። የምሠራውን ግን አንዳቸውም አያውቁም ነበር። እኔም የእነሱን አላውቅም። ፊታችንን፣ ድምፃችንን፣ ሐዘናችንን እናውቃለን፤ ሙያችንን አናውቅም። ስለዚህ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፦ የሒሳብ ሥራ፣ 9 ዓመት፣ የደመወዝና የግብር ሒሳብ፣ በኮምፒውተር የሒሳብ ፕሮግራም እሠራለሁ። እየደጋገሙ እየጠየቁ ጻፉት። ከዚያ ጸለይን። ያን ቀን ቀለለኝ።

ከዚያ በኋላ በየማክሰኞው «ስንት ቦታ አመለከትክ?» ይሉኛል። ባዶ እጄን ላለመሄድ በቀን ሁለት ማመልከቻ ማስገባት ጀመርኩ። ከሁለት አላልፍም። መናው ለዕለት ብቻ ይሰበሰብ እንደነበር እያሰብኩ የነገውን ለነገ እተው ነበር።

ያቆሰለኝም ነበር። አንድ ወንድም «ራስህን መርምር፣ እግዚአብሔር የሚነግርህ ነገር ይኖራል» አለኝ። ቅን ልብ እንዳለው አውቃለሁ። ግን የኢዮብ ወዳጆች ደህና የነበሩት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት የተቀመጡ ጊዜ ነው። ሌላው ደግሞ ሥራ ሊሰጠኝ ፈልጎ «ወንድማማች ነን፣ ውል ምን ያደርጋል?» አለኝ። በትሕትና እንቢ አልኩ። በጣም ቸግሮኝ ነበር፤ ቢሆንም ደመወዙና የሥራ ሰዓቱ በወረቀት ላይ ካልሰፈረ የሚጎዳው ወንድማማችነቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

አራተኛው ወር ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ገንዘብ ያዥ የግማሽ ዓመቱን ሒሳብ ለመዝጋት እንዳግዛቸው ጠየቁኝ። ደብተሩና ደረሰኙ አልገጥም ብሎ አስቸግሯቸው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ደረሰኞቹን በየቀናቸው ደረደርኩና በጣቴ እየተከተልኩ አንድ በአንድ አመሳከርኩ። አንድ የኤሌክትሪክ ክፍያ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል፤ አንዴ በተከፈለበት ቀን፣ አንዴ ደረሰኙ በመጣበት ቀን። ስሰርዘው ሒሳቡ ገጠመ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ሥራ የያዘ መሰለኝ። ከጠረጴዛው ዳር ከኦዲት ኮሚቴው አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር። በር ላይ ሰላም ከመባባል በቀር አንተዋወቅም። ሲወጣ «ሲቪህን ላክልኝ» አለኝ።

ወደ ሥራ የመራኝ እሱ ነው። ወዳጆቼ የሚያውቁትን ክፍት ቦታ እኔም ቀድሜ አውቀው ነበር፤ እሱ ግን እኔ የማላውቃቸውን ሰዎች ያውቃል። ኋላ ሳነብ ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1973 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጽፎ አገኘሁ። ካጠናቸውና በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ውስጥ ያን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ነበር የሚገናኙት። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እንዲህ ያለ ትውውቅ የሞላባት ቤት ናት። ጳውሎስም ቆሮንቶስ ሲገባ አቂላና ጵርስቅላ ዘንድ ያረፈው ሙያቸው አንድ ስለነበረ ነው፤ ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ። ሙያው ባይታወቅ እንዴት ይገናኙ ነበር?

ሰውየው ስሜን አቀበለልኝ እንጂ ሥራውን አልሰጠኝም። ከሌሎች አመልካቾች ጋር ተፈተንኩ። ቃለ መጠይቁ ላይ ለምን ሥራ እንደለቀቅኩ ሲጠይቁኝ «ክፍሉ ታጥፎ ተቀነስኩ» አልኩ፤ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ማክሰኞ ማታ ስንት ጊዜ ብዬው የለመድኩት ቃል ነው።

ያለፍኩ መሆኔን የነገርኳቸው በዚያው ኅብረት ነው። እናታችን እልል አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ከኋላ ገለጡና በስሜ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። ከሥሩ ሌሎች ሦስት ስሞች ተጽፈዋል። ቀና ብለው አዩኝና፣ «አዲሱ መሥሪያ ቤትህ ሹፌር ይፈልግ እንደሆን ጠይቅልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።