ሰዓቱን ቤት ትቼ ጦሳ ስወጣ

ደሴ ላይ አራት ዓመት የሮጥኩት ሯጮችን ለውጪ ውድድር የሚወስድ ማናጀር እንዲያየኝ ብዬ ነው። ልጅ ሳለሁ ግን የምሮጠው ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነበር።

ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ዳገቱ ሳንባ ያጠነክራል። ትንሽ ፈጠን ካልክ ሰዉ ሁሉ "አንተ እኮ ውጪ ትወጣለህ" ይልሃል። እኔም አመንኩ። ከዚያ ወዲያ የጓደኞቼ ወሬ ጫማ፣ ሰከንድና ቦነስ ሆነ። በሶምሶማ ቀን እንኳን እርስ በርስ እንፎካከር ነበር። ከእህቴ ተበድሬ ሶሉ ውስጥ ካርቦን ያለው የውድድር ጫማ ገዛሁ። የዓለም አትሌቲክስ ደንብ ለጎዳና ውድድር እስከ 40 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሶል ይፈቅዳል፤ የእኔም ወፍራም ነበር። ለአስፋልት የተሠራው ጫማ የእኛን ኮረት አልቻለም፤ በጥቂት ወር አለቀ። ተስፋ የሰጠኝ ማናጀርም ስልክ ማንሳት አቆመ። በመጨረሻ የተረከዝ ጅማቴ አበጠና ሦስት ወር ተቀመጥኩ።

ስመለስ በእግር ጉዞ ጀመርኩ። ሰዓቱን ቤት ትቼ ጠዋት ጠዋት ከተማችን አጠገብ ወዳለው ጦሳ ተራራ ወጣሁ። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኔ ባዶ የእጅ አንጓዬ ላይ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ሶምሶማ ስል አንድ አዛውንት አስቆሙኝ።

"የኔ ልጅ፣ ማን አባረረህ?"

"ማንም አባባ፤ ደስ ብሎኝ ነው።"

"አብሽር! እንግዲያ ቀስ በል።"

ያን ቀን መልሴን ራሴም ሰማሁት። ስንት ዓመት አልተናገርኩትም!

ገንዘብን አልጠላም። አብሮኝ የሮጠ ልጅ በሽልማቱ ለእናቱ ቤት ሠርቷል፤ እኔም ዛሬ እወዳደራለሁ። የጎዳኝ የራሴ የምለው አንድም ሩጫ ማጣቴ ነው። አሁን የሶምሶማ ቀን ሶምሶማ ነው፤ ጓደኛ ቢቀድመኝ ይቅደመኝ። ጅማቴም ከዚያ ወዲህ አላስቸገረኝም። ቅዳሜ ደግሞ የእኔ ቀን ናት። ሰዓት የለም፣ ፎቶ የለም፣ ፖስት የለም። የደከመኝ ቦታ ቁጭ ብዬ ከተማዋን አያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ቦሩ ሜዳ ላይ ከብት የምትጠብቅ ልጅ በኮንጎ ጫማ እየሳቀች ቀደመችኝ። የእኔም ሳቅ መጣ። ከብቶቿ እስካሉበት ድረስ ተከትያት ሮጥኩ።