ሁለተኛው ልመና

እግዚአብሔር ከመጠጥ እንዲያላቅቀን ለመንነው፤ አላቀቀን። ይህን ብቻ ተናግረን ብንቀመጥ ግን ምስክርነታችን ጎዶሎ ይሆናል። ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ካሳንቺስ ባሉት ሰፈሮች የምንኖር፣ አረቄውንም ድራፍቱንም ለዓመታት ጠጥተን ያቆምን ሰዎች ሁላችን የምንስማማበት ነገር አለ፦ መጠጡ ሲቀር ኑሮ ጨው እንደረሱበት ወጥ ይሆናል። ቡናው ቡና አይልም። ሰው ሲስቅ ይሰማል እንጂ አያስቅም። ብዙዎች ወደ ብርጭቆው የሚመለሱት እዚህ ላይ ነው፤ ጥሙ አሸንፏቸው ሳይሆን «ለዚህ ኑሮ ብዬ ነው የተውኩት?» ብለው። ስለዚህ ሁለተኛ ልመና ያስፈልጋል፣ ዳዊት በመዝሙር 50 ደስታው እንዲመለስለት እንደለመነው ያለ። እሱም ተሰምቶልናል፤ የመጣው ግን በአንድ ሌሊት አይደለም።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ስለ መጀመሪያዎቹ ቀናት እንናገር፤ እዚያ የሞተ ሰው ስለ ደስታ ምክር አያስፈልገውም። በየቀኑ የሚጠጣ፣ በተለይ ጠዋት የሚንቀጠቀጥ እጁን በአንድ መለኪያ የሚያረጋጋ ሰው፣ ድንገት ቆርጦ ወደ እንጦጦ ጠበል ወጥቶ እህል ሳይቀምስ መሰንበት የለበትም። ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ገና በ24 ሰዓት ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ላብና የልብ ምት መፍጠን ይጀምራል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን መቃዠት፣ የሌለ ሰው ማየትና ትኩሳት ከተከተለ የሕይወት አደጋ ነው። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «መንፈሱ መጮህ ጀመረ» ብሎ እልል ይላል፤ ያን ጊዜ ግን ሰውየውን ወደ ሐኪም ማድረስ ነው የሚገባው። ሐኪሙ እንደ ዲያዜፓም ያለ የሚያረጋጋ መድኃኒት ለጥቂት ቀናት እየቀነሰ ይሰጣል። ቫይታሚን ቢ1 በመርፌ ይሰጣል፤ እሱም በደም ሥር ከሚሰጠው ስኳር፣ ከግሉኮሱ፣ መቅደም አለበት። በአረቄ የከረመ አካል ቢ1 አልቆበታል፣ ስኳሩ ቀድሞ ከገባ የቀረችውን ጥቂት አሟጦ አንጎልን ይጎዳል። አማኑኤል ሆስፒታል ለዚህ እንግዳ አይደለም። ጠበሉ ከሳምንት በኋላም እዚያው ይገኛል።

አሁን ወደ ጣዕሙ። መጠጥ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከልክ በላይ ያፈሳል። ይህ በየማታው ሲደጋገም አንጎል ራሱን ለመከላከል መቀበያውን ያደነዝዛል። በርበሬ የለመደ ምላስ አልጫ እንደማይጥመው ማለት ነው፤ አልጫው ግን ጥፋት የለበትም። መጠጡ ሲቆም ምላሱ ወዲያው አይመለስም፤ ሳምንታት ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ወራት። ይህን ያላወቀ ሰው «ጸሎቴ ግማሽ ቀረ» ይላል። አልቀረም፤ ቁስል ሲድን ያለው ማሳከክ ነው። ሆኖም አንድ ወር ካለፈ በኋላ ጨለማው ከመቅለል ይልቅ ከጠነከረ፣ ወይም የሞት ሐሳብ በማንኛውም ቀን ከመጣ፣ ድብርት የሚባለው ራሱን የቻለ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት ግድ ነው።

በዚያ ደረቅ ወቅት የሚሠራው ዘዴ ቀላል ግን አሰልቺ ነው፦ ሳያምርህ ማድረግ። መጀመሪያ እግር ይሄዳል፣ ልብ ኋላ ይደርሳል። ትንሽ ደብተር ያዝና ለነገ አንድ ነገር ምረጥ፤ «ይህ ምን ያህል ደስ ይለኛል?» ብለህ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጠው። ከሠራኸው በኋላ ሌላ ቁጥር ጻፍ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግምቱ 1 ወይም 2 ነው፤ የተገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ 3 ወይም 4 ይሆናል። ልዩነቷ ትንሽ ብትሆንም፣ የደነዘዘ ልብ ስለ ነገ የሚናገረው ነገር እንደማይታመን በራስህ እጅ ጽሑፍ ታያለህ። ቁጥር ከጸሎት ጋር ምን አገናኘው የሚሉ አሉ። ስለት የሚቆጥር ሰው ይህን መጠየቅ የለበትም።

ክፉው ሰዓት ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 2 ነው። ግማሹ ጥም በእውነት ረሃብ ነው፤ ስለዚህ ከቢሮ ሳይወጡ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መክሰስ መብላት፣ ኪስ ውስጥ የገብስና የሽምብራ ቆሎ መያዝ። ቆሎ ጥርስን ያሠራል፣ እጅንም ያሠራል፣ ብርጭቆ የሚጨብጠው እጅ ደግሞ ሥራ ይፈልጋል። ከዚያ መንገድ። ከማዘጋጃ ቤቱ ተነስቶ በቴዎድሮስ አደባባይ፣ በጥቁር አንበሳ፣ በብሔራዊ ቴአትር አድርጎ እስከ ለገሃር ቁልቁል ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። መልሱ ዳገት ነው፣ ያላበው ሰው ደግሞ ይተኛል። የጠዋት ሰው ከሆንክ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ከ12 ሰዓት ጀምሮ የሚሮጥ አይጠፋም። የድሮው ግሮሰሪህ ባለበት መታጠፊያ ግን አትለፍ፤ እምነትህን ለመፈተን ብለህ በተለይ አትለፍ።

ቡናን በተመለከተ ጥንቃቄ አለ። መጠጥ ያቆመ ሰው በስኳርና በማኪያቶ ይጠመዳል፤ ስኳሩን ለጊዜው እንተወው፣ ከአረቄ ይሻላል። ቡናው ግን ከሰዓት በኋላ ከ8 ሰዓት ካለፈ እንቅልፍ ይነሳል፤ ያልተኛ ሰው ደግሞ በማግስቱ ምንም አይጥመውም። ማታ ቡና ከተጠራህ በአቦል ተሰናበት። በረካን ትቶ መነሳት ባለቤቷን ቅር ያሰኛል፤ ምክንያቱን የምታውቅ ከሆነ ግን ራሷ ታስነሳሃለች።

ጽዋ ማኅበር ላይ ጠላ አለ፤ ለዚህ ብሎ ከማኅበር መቅረት ትልቅ ስህተት ነው፣ ብቸኝነት ከጠላው ይብሳል። ብርዝ ይዘጋጅ። አንድ እጅ ማር በአራት ወይም በአምስት እጅ ውሃ ተበጥብጦ፣ ተጣርቶ፣ በዚያው ቀን ይጠጣ። ለጠላና ለጠጅ ባገለገለ ጋን ወይም ገንቦ አይደረግ፤ በግድግዳው የቀረው እርሾ ያፈላዋል፣ ያደረ ብርዝም ጌሾ ባይገባበትም ወደ ጠጅ መንገድ ጀምሯል። ቀሪቦም ስኳርና እርሾ ገብቶበት ከቆየ እንደዚያው ነው። ስለ ቅዱስ ቁርባን የሚፈራ ሰው ካለ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ወይን ዘቢብ በውሃ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ እንጂ የፈላ ወይን ጠጅ አይደለም፤ ንስሐ አባትን መጠየቅ ይቻላል። ጋባዥ «በሞቴ አንዲት ብቻ» ሲል «ኑርልኝ፣ እኔ አልጠጣም» በቂ ነው። «ጾም ላይ ነኝ» ማለት አይጠቅምም፤ ጾሙ ሲፈታ ተመልሶ ይመጣል።

ጾም ካነሳን፣ የሁዳዴ ነገር። 55 ቀን ሳይጠጡ ከርሞ ለፋሲካ መመለስ የከተማችን የቆየ ልማድ ነው። ክፋቱ ሁለት ነው። ጣዕሙ ሊመለስ በተቃረበበት ሰሞን ይቆረጣል። ደግሞም አካል በ55 ቀን ውስጥ የመቋቋም አቅሙን ስለሚጥል፣ የድሮውን ልክ የጠጣ ሰው ያ ልክ አሁን ለእሱ እጥፍ ሆኖበት ይወድቃል። የወደቀም ቢሆን ደብተሩን አይቅደድ፤ በማግስቱ ከቆመበት ይቀጥል።

ጣዕም ሲመለስ ሳይታወቅ ነው። መጀመሪያ ምግብ፤ የሽሮው ነጭ ሽንኩርት ይለያል። ቀጥሎ ጠዋት፤ ቅዳሴ ላይ ቆሞ ዜማውን ከጥግ እስከ ጥግ መስማት፣ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ አንድ ምዕራፍ ሳይደግሙ ማንበብ። ጨዋታ ከዚያ በኋላ ነው። ከሁሉ የሚዘገየው ዘፈን ነው፣ ብዙ ዜማ ከብርጭቆ ጋር ታስሮ ስለኖረ አንድ በአንድ መፈታት አለበት። ሰርግ ላይ በአምቦ ውሃ ብቻ እስክስታ መውረድ ግን ገና ነው። ትከሻችን አልፈታ ብሏል፤ ለእሱም እየጸለይን ነው።