አያቴ ለምን ሊሾ ላይ ትተኛ ነበር

ድሬዳዋ የሄድኩት ለልብ ወለዴ ባቡር ፍለጋ ነው። የእናቴ አባት የምድር ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር፤ አያቴን ያገኛትም እዚያው ነው። ታሪኩ በቤተሰባችን ውስጥ ከመነገር ብዛት ለስልሷል፦ እሱ ከዚራ ሰፈር፣ እሷ መጋላ ሰፈር፣ መካከላቸው የደቻቱ ወንዝ። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ እሱ ከማዶ ቆሞ ባርኔጣውን ያውለበልባል፤ እሷ ከወዲህ ታለቅሳለች። ረቂቄ የቆመው በዚህ ባርኔጣ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ስለ መንገዱ የምጽፈው ብዙ የለኝም። አዋሽን እንዳለፍን እንቅልፍ ወሰደኝ፤ የነቃሁት ከጎኔ የነበረው ሰው ሻንጣውን ሲያወርድ ትከሻዬን መትቶኝ ነው። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ባጃጅ መያዝ ግድ ነው። ሾፌሩ 400 ብር ጠየቀኝ፣ 300 ሰጠሁት፣ በድርድር ችሎታዬም ረካሁ። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ 150 መሆኑን ነግራኝ ሳቀች። አዲስ አበባ ቢሆን ሳምንት ሙሉ እነጫነጭ ነበር፤ እዚህ ግን መነጫነጭም ያልባል።

ሌሊቱ ክፉ ነበር። ቬንትሌተሩ በዞረ ቁጥር ቀጭ ይላል። ሳጠፋው ትንኝ፣ ሳበራው ቀጭታ። ሊነጋ ሲል ተነሥቼ ሻወር ብከፍት ቧንቧው አየር ብቻ ተነፈሰብኝ። የአዛኑና የቅዳሴው ድምፅ ተከታትለው ሲመጡ ተኝቼ እንዳልሰማቸው የሚያደርግ ምንም ነገር አልነበረም።

ከተማዋን የወለዳት አሮጌው ጣቢያ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደረሰ፤ ሐረር ድረስ ተራራውን መውጣት ከባድ ስለነበር ከግርጌው ቀረ። አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ወርክሾፑን ያስጎበኘኝ አንድ ጡረተኛ መካኒክ ነው። እኔ ስለ ሞተር እጠይቃለሁ፣ እሱ ስለ ኮንትሮባንድ ሴቶች ይመልሳል። ጨርቁን ከቀሚሳቸው ሥር ወገባቸው ላይ እንዴት እንደሚጠመጥሙ በገዛ ሸሚዙ አሳየኝ፤ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ዞር ዞር አለልኝ። «ሲሳፈሩ ወፍራም፣ ሲወርዱ ቀጭን!» አያቴ ተቆጣጣሪ እንደነበረ ብነግረው ቀና ብሎ አየኝና «ተቆጣጣሪዎቹማ ሁሉንም ያውቋቸዋል» አለ። ያኔ የሴት አያቴ ሳጥን ትዝ አለኝ። እስክትሞት ድረስ ማንም ያልሰፋው፣ ማንም ያልለበሰው ጣቃ ጨርቅ ሞልቶበት ነበር።

ደቻቱን የተሻገርኩት ጫማዬ ሳይርስ ነው፤ አሸዋ ብቻ ነበር። መጋላ ስደርስ ከቀኑ 7 ሰዓት ሆኗል፤ ሱቆቹ አንድ በአንድ እየተዘጉ መንገዱ ላይ እኔና ፍየሎች ቀረን። የግንብ ጥላ ተጠግቼ ስቆም ሳምቡሳ ሸጣ ዕቃዋን የምትሰበስብ አንዲት አሮጊት አየችኝ። «አንተ፣ ምን ሆነህ ነው ፀሐይ የምትጠጣው? ግባ!»

«አላስቸግርዎትም፣ እማማ።»

«እርስዎ የሚባል ሰው እዚህ የለም፤ ግባ አቦ!»

መስኮቱ ተዘግቶ ክፍሉ ጨልሟል። ሁለት የልጅ ልጆቿ ግድግዳውን ይዘው ተኝተዋል። ከጀሪካን በጣሳ ውሃ ቀድታ በእጇ እየዘገነች ሊሾው ላይ ረጨች፤ መጀመሪያ ከበሩ ወደ ውስጥ፣ ቀጥሎ ከውስጥ ወደ በሩ። በባዶ እግሯ እየሄደች ውሃውን አዳረሰችው። ከዚያ ሻርፗን አጥፋ ትራስ አደረገችና ተጋደመች፤ ለእኔም በአገጯ ወዲያኛውን ጥግ አመለከተችኝ።

አያቴ ጉለሌ ውስጥ፣ በዚያ ብርድ፣ በነሐሴም ሳይቀር ይህንኑ ታደርግ ነበር። ልክ ቀትር ሲሆን መስኮት ትዘጋለች፣ ውሃ ትረጫለች፣ ሊሾ ላይ ትጋደማለች። እናቴ «ብርድ ይገድልሻል!» እያለች ትጮህ ነበር። አጎቶቼ የእብደት መጀመሪያ ነው ብለው ሐኪም ዘንድ ወስደዋታል። እኛ ልጆቹ ተራምደናት እናልፋለን። እዚህ መንደሩ በሙሉ እንደዚያ ተኝቷል፤ ሐኪም የጠራ ሰው ግን የለም። ቅዝቃዜው በሸሚዜ በኩል ጀርባዬ ላይ ሲደርስ፣ በረቂቄ ውስጥ ወንዝ ዳር ቆማ ከማልቀስ በቀር ሥራ የሌላት ጀግናዬ ምን እንደጎደላት ገባኝ፦ ላብ።

ሳምቡሳ ሻጯ ከእንቅልፏ ስትነሣ የሎሚ ውሃ እየሰጠችኝ ስለ ወንዙ ጠየቅኳት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። በጣቷ ጎረቤቶቿን ቆጠረችልኝ፤ በቤታቸው፣ በበራቸው። ማታ ሆቴል ገብቼ የባርኔጣውን ትዕይንት ስከፍት እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ሰረዝኩት።

ሐረር በሚኒባስ ወጣሁ፤ ደንገጎ ላይ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ እንደገና ሰው ሆንኩ። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ከልብስ ሰፊዎቹ ደጃፍ ብዙ ቆሜ ጣቃዎቹን አየሁ፤ የአያቴን የሚመስል አላገኘሁም። ወደ ራምቦ ቤት ግን ሳልጠይቅ ሦስት ሰው መራኝ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ሐረር እየተመላለሰ ነግዶ እ.ኤ.አ. በ1891 ሞተ፤ ቤቱ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። እንጨቱና ባለቀለም መስታወቱ ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ላልኖረበት ሰው ይህን የመሰለ ፎቅ ሲሰጥ፣ አያቴ መጋላ ውስጥ የኖረችበትን አንድ ክፍል የሚያሳየኝ ሰው አለመኖሩ አናደደኝ። ስለዚህ እኔም ሰጠኋት፦ የሳምቡሳ ሻጯን ቤት፣ ከነጀሪካኑ።

ከዚያው ለእናቴ ደወልኩላት። ስለ ሊሾው ስነግራት ጮኸችብኝ። «እናቴን መሬት ላይ የምትተኛ አድርገህ ልትጽፋት ነው?» ወሬ ለማስቀየር ስለ ሳጥኑ ጠየቅኳት፤ ትክዳለች ብዬ ነበር። ድምፅዋ ወዲያው ተለወጠ። አያቴ ስንት ጣቃ በአንድ ጉዞ ታሳልፍ እንደነበር፣ አባቷ በየትኛው ፉርጎ አይቶ እንዳላየ ያልፍ እንደነበር አንድ በአንድ ዘረዘረችልኝ፤ ብዕር ፈልጌ እስካገኝ ድረስ ግማሹ አመለጠኝ።

«ጨርቁን ጻፈው» አለችኝ በመጨረሻ። «ኮንትሮባንድ ሥራ ነው። ሊሾውን ግን ተወው፤ ድሆች ያስመስለናል።»