የእማዬ አመድ ላስ ቬጋስ ላይ

እንጅባራ አካባቢ ያደገ ሰው አመድ በከንቱ አይደፋም። እማዬ ጠዋት ምድጃውን ጠርጋ አመዱን በአሮጌ ጣሳ ታወጣና ጎመኑ ሥር ትበትነዋለች። ጎመኑም ያምርላታል። እኔም ላስ ቬጋስ ውስጥ ቤት ገዝተን ለመጀመሪያ ጊዜ ጓሮ ሲኖረኝ ያደረግኩት ያንኑ ነው፤ ሥጋ ከጠበስንበት እንጨት አመዱን ሰብስቤ ከሐበሻ ሱቅ በገዛሁት ዘር ያበቀልኩት ጎመን ሥር በተንኩት።

ከዚያ በፊት ቁፋሮው ራሱ አሳሬን አብልቶኛል። አንድ ክንድ እንኳ ሳልወርድ ዶማው ኮንክሪት የመታ ይመስል ነጥሮ ተመለሰ። እዚህ ካሊቺ ይሉታል፤ ኖራ በብዙ ዘመን እየተጠራቀመ ድንጋይ የሆነ ንብርብር ነው።

ጎመኑ መጀመሪያ ደህና ነበር። በኋላ ከላይ የሚወጡት አዳዲስ ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ መጡ። ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ፣ ልክ በእስክሪብቶ የተሳለ ይመስላል። ውሃ አነሰው ብዬ ውሃ ጨመርኩ፣ ማዳበሪያ ጨመርኩ፣ እንደገና አመድ ጨመርኩ። ባሰበት።

አንድ እሁድ ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤታችን ጋሼ አዩትና፣ «እስቲ አቸቶ አምጪ» አሉኝ። ደረቅ አፈር በማንኪያ ዘግነው ጥቂት አፈሰሱበት። አፈሩ ተንሿሾ አረፋ ደፈቀ። «አየሽ? ይሄ ኖራ ነው። አንቺ ደግሞ አመድ ትደርቢበታለሽ!»

በኋላ አፈሩን ሳስመረምረው ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ 8.3 ወጣ። ከ7 በላይ አልካላይን፣ የአሲዳማ ተቃራኒ ነው። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የእኛ አገር ደጋ ዝናብ ይበዛበታል፤ ውሃው ካልሲየሙን እያጠበ ስለሚወስደው አፈሩ አሲዳማ ይሆናል፣ ገበሬውም ማሳው ላይ ኖራ የሚበትነው ለዚህ ነው። የእማዬ አመድ የኖራን ሥራ ይሠራ ነበር ማለት ነው። እዚህ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ምን ያጥበዋል? የቧንቧውም ውሃ ማዕድን የበዛበት ነው፣ ማንቆርቆሪያዬን ነጭ ቅርፊት ያለብሰዋል። ቅጠል አረንጓዴ እንዲሆን የሚያስፈልገው ብረት አፈሩ ውስጥ አለ፤ ግን አልካላይኑ አስሮ ስለሚይዘው ሥሩ መሳብ አይችልም። ቢጫው ከዚያ ነው።

እንደ እኔ የምትቸገሩ ካላችሁ ገንዘባችሁን እንዳታባክኑ ልንገራችሁ። ድኝ አፈሩን አሲዳማ ያደርጋል ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ወራት ይፈልጋል፤ እንደዚህ ኖራ የሞላበት አፈር ደግሞ ቶሎ ያከሽፈዋል፣ ጓሮውን ሙሉ እለውጣለሁ ብላችሁ አትልፉ። የብረት መድኃኒት ስትገዙም ማሸጊያውን አንብቡ። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ኢዲቲኤ (EDTA) የሚባለውን ነበር፣ በዚህ አፈር አይሠራም። የሚሠራው ኢዲዲኤችኤ (EDDHA) የሚለው ነው፤ ውድ ነው፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ቀይ ወይን ይቀላል። ያንን ሥሩ ላይ ካጠጣሁ በኋላ አዲስ የወጣው ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ሳየው እውነቴን ነው እንባዬ መጣ።

አሁን ጎመኑን ከፍ ባለ የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ የተገዛ አፈርና ብስባሽ ቀላቅዬ ነው የምተክለው። የምዘራውም መስከረም መጨረሻ ላይ ነው፣ የበጋው ሙቀት አይቻልም።

እማዬን በቪዲዮ ደውዬ ሳሳያት የመጀመሪያ ጥያቄዋ «አመዱን አደረግሽበት?» የሚል ነበር። የዚህን አገር አፈር አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «እንግዲያ እዚያ ያለው መሬት የጎደለው ሌላ ነው» አለች።

ጤና አዳሙን ግን ሣጥን ውስጥ አላስገባሁትም። ካሊቺው ዳር፣ ግንቡ ሥር ነው ያለው፤ ኖራ አይጠላም፣ ውሃም ብዙ አይጠይቅም። ጉልበቴ ድረስ ደርሷል። እሁድ ቡና ሲፈላ ጋሼ ራሳቸው ወጥተው ይቆርጣሉ።