የጋሼ ልብ ድርሻ

በፋሲካ ሰሞን የእናቴ ታናሽ ወንድም ከአሜሪካ መጥቶ፣ የአባይን በረሃ አቋርጦ ደብረ ማርቆስ በገባ ማግስት፣ እጁን ይዤ የልብ ምቱን ብፈልግ አጣሁት። ጣቶቼን ከፍ ዝቅ አደረግሁ፤ ወደ ሌላው እጁም ተሻገርሁ፤ ምንም የለም። እሱ ቡናውን ፉት እያለ፣ «አይዞህ ልጄ፣ አለሁ፤ የለም የሚልህ እጄ ብቻ ነው» ብሎ ሳቀ።

ጋሼ የሚኖረው ሀርትሜት 3 በተባለ የልብ ፓምፕ እየታገዘ ነው። ፓምፑ ከልቡ ጫፍ ላይ ተተክሎ፣ ከግራው የታችኛ የልብ ክፍል ደም እየሳበ በቱቦ ወደ አኦርታ፣ ማለትም ከልብ ወደሚወጣው ዋና የደም ሥር፣ ያደርሳል፤ የሚሠራውም ያለማቋረጥ እየተሽከረከረ ስለሆነ የእጅ ምት ቢጠፋ አያስደንቅም። ማዳመጫዬን ደረቱ ላይ ባሳርፍ የሰማሁት፣ ጆሮን ከንብ ቀፎ ሲያስጠጉ የሚሰማውን ዓይነት እምምታ ነው።

አውቶማቲኩ የደም ግፊት መለኪያ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ማንበብ አቃተው። ስለዚህ በክንዱ ደም ሥር ላይ ዶፕለር፣ የደምን ፍሰት በድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ፣ ይዤ፣ መለኪያውን ነፍቼ ቀስ በቀስ ሳስተነፍሰው፣ የደሙ ድምፅ የተመለሰው 82 ላይ ነበር። ምቱ እንዲህ ለደከመ ሰው ይህ ቁጥር ለአማካይ ግፊቱ የቀረበ ነው። ከ90 እንዳያልፍ የሚፈለገውም ግፊቱ ሲበረታ ፓምፑ የሚያስተላልፈው ደም ስለሚቀንስና የአንጎል ደም መፍሰስም ስለሚያሰጋ ነው።

ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ላይ የተማርሁት ይበልጣል። እኛ ሐኪሞች የልብን ጉልበት የምንገምተው በአንድ ምት ከመቶ ስንት እጁን ደም እንደሚረጭ በመለካት ነው፤ እኔም በልማድ መለካት ጀምሬ ነበር። ግን የግራውን ክፍል ባዶ የሚያደርገው በአብዛኛው ፓምፑ ሲሆን፣ የፓምፑም ጥላ የልቡን ጫፍ ሲሸፍነው፣ ያ ቁጥር የማን ጉልበት እንደሆነ አይታወቅም። የሚያዋጣው አኦርቲክ ቫልቩን፣ ከግራው የልብ ክፍል ወደ አኦርታ የሚያሳልፈውን በር፣ ማየት ነው። የጋሼ ቫልቭ አልፎ አልፎ ብቻ ይከፈታል። ጨርሶ የማይከፈት ቢሆን ደም ከቫልቩ በላይ ሊረጋ፣ ቫልቩም ውሎ አድሮ ሊያፈስ ይችላል። ይህ ፓምፕ በየሁለት ሴኮንዱ ፍጥነቱን ራሱ ስለሚለዋውጥ፣ ለጥቂት ምት ብቻ አይቶ መፍረድ ግን ያሳስታል።

ቀጥሎ በሁለቱ የታችኛ ክፍሎች መካከል ያለውን ግድግዳ አየሁ። ወደ ግራ ከተሳበ ወይ ፓምፑ ከመጠን በላይ እየሳበ ነው፣ ወይ ቀኙ ልብ ደክሟል፤ ወደ ቀኝ ካጋደለ ግራው በቂ እየተራገፈ አይደለም። የጋሼ መሐል ላይ ነው። በእኔ ግምት ዋናው ፈተና የሚገኘው በቀኙ ልብ ላይ ነው፤ ፓምፑ የላከው ደም ሁሉ ዞሮ ወደ እሱ ሲመለስ የሚያግዘው የለምና።

ጋሼ ከወገቡ የሚይዛትን መቆጣጠሪያ አሳየኝ፤ ፍሰት 4.3 ሊትር በደቂቃ ትላለች። ይህ ቁጥር ፓምፑ ከሚወስደው ኃይል፣ ከፍጥነቱና ከደሙ ውፍረት የሚሰላ ግምት ነው። ፓምፑ ውስጥ ደም ቢረጋና የሚወስደው ኃይል ቢጨምር፣ ፍሰቱ የተሻለ መስሎ ሊታይ ይችላል።

እውነተኛው ምዘና ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ እየለወጡ በኢኮ መከታተል ነው፤ ያንን የሚያደርጉለት የሚከታተሉት ሐኪሞቹ ናቸው። እኔ የቫልቩንና የቀኙን ልብ ቪዲዮ በፍላሽ ገልብጬ፣ ከትርፍ ባትሪዎቹ ጋር ቦርሳው ውስጥ ከተትሁለት።