የቆመ መስሎኝ የገደልኩት አፕግሬድ

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ ሁሉም ኡቡንቱ 22.04 የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም የተጫነባቸው። ፕሮግራሞቹን የማደሻ ትእዛዙ ራሱ ወሬ የለውም። ሱዶ አፕት አፕዴት፣ ሱዶ አፕት አፕግሬድ፣ ዋይ፣ ኢንተር። አለቀ።

እኔን ጉድ የሠራኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አርብ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጀመርኩት፤ ደንበኛ በሚበዛበት በአርብ ጠዋት! ማውረዱ ቶሎ አለቀ። ሊኑክስ-ፈርምዌር የሚባለውን ፓኬጅ (የሃርድዌር ማሠሪያ ፋይሎች የያዘ ትልቅ ጥቅል) መፍታት ሲጀምር ቀጥ አለ። ሃያ ደቂቃ ያው መስመር። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም የመጣ ተማሪ አጠገቤ ቆሞ «ጋሼ፣ ከሰዓት እኮ ነው የማስረክበው» ይለኛል። ኔትወርኩን ረገምኩ። ኔትወርኩ ግን የራሱን ሥራ ጨርሶ ነበር። የሃርድ ዲስኩ መብራት ሳይጠፋ ይበራል፤ አይቼዋለሁ፣ ልብ አላልኩትም።

ተርሚናሉን፣ ትእዛዝ የምጽፍበትን መስኮት፣ ዘጋሁት። መልሼ ስሞክር ተቆልፏል አለኝ። አንድ ቦታ ያነበብኩትን ይዤ የመቆለፊያውን ፋይል አጠፋሁት። ለካ የቀድሞው ሥራ ከጀርባ ገና አልቆመም! ሁለቱ አንዱን የፓኬጅ መዝገብ ይሻሙ ጀመር። እኔም ብሽቅ ብዬ ገመዱን ነቀልኩት። ሲነሣ ጥቁር ስክሪን፣ ከርነል ፓኒክ። አዲሱ ከርነል፣ የሲስተሙ እምብርት፣ በግማሽ ተጭኖ ቀርቷል። ተማሪው ፍላሹን ይዞ ሌላ ቤት ሄደ።

ከግሩብ ሜኑ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከርነል ከሚመረጥበት ዝርዝር) በድሮው ከርነል አስነሣሁና በግማሽ የቀረውን ለመጨረስ ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ፣ ከዚያ ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል። አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ ዳነ።

ለካ ያን ጠዋት አልቆመም ነበር፤ ፓኬጆቹን የሚጭነው ዲፒኬጂ ድንገት መብራት ቢጠፋ ፋይሎቹ ባዶ እንዳይቀሩ፣ ዲስኩ ላይ መጻፋቸውን እያረጋገጠ ነው የሚሄደው። በሚሽከረከር አሮጌ ዲስክ ይህ የኤሊ ጉዞ ነው። ማሽኑ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ቶፕን ከፍቼ ደብሊውኤ የሚለውን ቁጥር ባየው ኖሮ ዲስኩን እየጠበቀ እንደሆነ ይገባኝ ነበር። አላየሁም።

አሁን ማታ በ--ዳውንሎድ-ኦንሊ አውርጄ አሳድራለሁ፣ እሁድ ጠዋት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ላይ እጭናለሁ። አንዱ ማሽን ላይ የወረዱ ፓኬጆችን የሚያስቀምጠውን አፕት-ካቸር-ኤንጂ ስላስገባሁ ስድስቱም አንዴ የወረደውን ይካፈላሉ። አውቶማቲክ ማደሻውን አታጥፉ ይባላል። እኔ አጥፍቼዋለሁ፤ በሥራ ሰዓት ዲስኬን አይዝብኝም። እሁድን እየዘለለ የሚተኛ ሰው ግን አውቶማቲኩን ባይነካው ይሻለዋል።

እንዲፈጥንልህ ኢት-ማይ-ዳታ የሚባል ፕሮግራም ተጠቀም ያሉኝም አሉ። እሱ የሚያስቀረው ያንኑ ማረጋገጫ ነው። መብራት ሳይናገር በሚሄድበት ከተማ? ስሙ ራሱ እኮ «ዳታዬን ብላው» ነው።