ፍሎይድ ሮዝ ጊታር አልቃኝ ሲላችሁ፦ ስለ ኋላው ሞላ

ፍሎይድ ሮዝ (ክሮቹ የሚታሰሩበት፣ በእጀታ የሚወዛወዝ የብሪጅ ዓይነት) ያለበት ጊታር የገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያማርረው አንድ ነገር ነው፣ "ቀጭኑን ክር ስቃኝ ወፍራሙ ይወርዳል፣ ወፍራሙን ስመልሰው ቀጭኑ ወርዶ ይጠብቀኛል"። ጊታሩ ተበላሽቶ አይደለም፣ አሰራሩ ነው። ብሪጁ እንደሌላው ጊታር እንጨቱ ላይ ቁጭ አላለም፣ በስለቱ ሁለት ብሎን ላይ ተደግፎ ተንሳፍፎ ነው ያለው፣ ከፊት ክሮቹ ይጎትቱታል፣ ከኋላ ደግሞ ክዳኑን ስትፈቱ የምታገኟቸው ሞላዎች ይጎትቱታል፣ ሁለቱ ጉልበት እኩል ሲሆን ብቻ ነው ቀጥ የሚለው። አንዱን ክር ስታከሩት ብሪጁ ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል ያኔ የቀሩት አምስቱ ይላላሉ። በቃ ይሄው ነው።

ፍሎይድ ሮዝ ብሪጁን የፈጠረው ሰውዬ ስም ነው በነገራችን ላይ፣ ራሱ ጊታር ይጫወት ነበር፣ የአሜሪካ ፓተንቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፣ የሮክ ጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን ሲጠቀምበት ደግሞ ዓለም ሁሉ ፈለገው።

እኛ ጋ ሚዛኑ ቶሎ ቶሎ የሚዛባበት ምክንያት ክር ነው፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ላይ ብዙ ጊዜ የምንገዛው የፈለግነውን ሳይሆን ያገኘነውን ነው፣ ባለፈው 9 (የቀጭኑ ክር ውፍረት ነው፣ በኢንች ሺኛ) አስገብተህ ዛሬ ሱቁ ያለው 10 ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ከ9 እስከ 42 ያለው ስብስብ በተለመደው ቅኝት፣ የጊታር አምራቹ ፌንደር በሚጠቀመው የ25.5 ኢንች የክር ርዝመት፣ በድምሩ 38 ኪሎ ገደማ ይጎትታል፣ ከ10 እስከ 46 ያለው ግን ወደ 47 ኪሎ ነው። ሞላው ለ38 ተስተካክሎ 47 ስትጭኑበት የብሪጁ ጭራ ብድግ ይላል፣ ክሮቹ ከጣት ማረፊያው ይርቃሉ፣ ባሩን (ብሪጁን የምታወዛውዙበትን እጀታ) ወደ ታች ለመጫን የሚቀራችሁ ቦታ ያንሳል።

ሞላዎቹን የያዘው ክላው የሚባለው ጥፍር ጥፍር ያለው ብረት ነው፣ እሱን ደግሞ እንጨቱ ላይ የያዙት ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ናቸው፣ ስራው ሁሉ እነሱ ላይ ነው። የብሪጁ ጭራ ከተነሳ ታጠብቃላችሁ፣ ወደ ውስጥ ከሰመጠ ታላላላችሁ። ግን ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት የነቱን ቁልፍ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹን የያዘውን) ፍቱ፣ ፋይን ቱነሮቹን (ብሪጁ ላይ ያሉትን ትንንሽ መቃኛ ብሎኖች) መሀል ላይ አድርጉ፣ ከዛ ቃኙ፣ ምክንያቱም ያልተቃኘ ጊታር ላይ የብሪጁን ዘንበል ማለት ማየት ምንም አይነግራችሁም። ሁለቱን ብሎን እኩል፣ ሩብ ዙር ሩብ ዙር ብቻ። ስታጠብቁ ብሪጁ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ድምፁ ሁሉ ከፍ ይላል፣ አትደንግጡ፣ ወደ ታች ቃኙትና እንደገና እዩት። ትዕግስት ያሳጣል፣ አውቃለሁ።

እኔ ይሄን መመላለስ ስለማልወድ በሽብልቅ ነው የምሰራው። ሞላውን ትንሽ አላላና ከኋላ ባለው ጉድጓድ ውስጥ፣ በብሪጁ ወፍራም ብረትና ወደ ጊታሩ ቂጥ በኩል ባለው የእንጨት ግድግዳ መሀል፣ ብሪጁን ቀጥ የሚያደርግልኝን ያህል ቁራጭ እንጨት እሸጉጣለሁ (የታጠፈ ካርቶን ይሰምጣል፣ አይመከርም)። ብሪጁ አሁን ወደ ፊት ማዘንበል አይችልም፣ ስለዚህ እንደማንኛውም ጊታር አንዴ ቃኝቶ መጨረስ ነው። ከዛ ብሎኖቹን ቀስ እያደረግኩ አጠብቃለሁ፣ ሞላው የክሮቹን ጉልበት ሲያክል እንጨቷ ራሷ ትላላና ትወድቃለች። ነቱን መቆለፍ፣ በፋይን ቱነር ማስተካከል፣ አለቀ።

ብሎኖቹ እስከ መጨረሻ ገብተው ጭራው አሁንም ከተነሳ አንድ ሞላ ጨምሩ፣ ሶስት ያለው አራት ይሆናል፣ ስትጨምሩ ግን መጀመሪያ ክላውን አላሉት። በተቃራኒው ብሎኑ ከእንጨቱ ሊወጣ ምንም ካልቀረው ደግሞ አንድ ሞላ ይቀነስ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፣ ፊት ለፊት ያሉትን፣ ብሪጁ የተደገፈባቸውን ሁለቱን የከፍታ ብሎኖች ክሩ እንደተወጠረ አታዙሯቸው፣ የብሪጁን ስለት ይበሉታል፣ ስለቱ አንዴ ከተበላ ደግሞ ባሩን በነካችሁ ቁጥር ቅኝቱ ወደ ቦታው አይመለስም፣ የሞላ ማስተካከል አያድነውም።

ባንድ ለምትሰሩ ደግሞ፣ ዘፋኙ ልምምድ ላይ ኪዩ (የዘፈኑ የድምፅ ከፍታ) ከብዶኛል ግማሽ ቶን (ጊታር ላይ አንድ ፍሬት ያህል) አውርዱልኝ ሲል ፌንደር የያዘው ልጅ በደቂቃ ይጨርሳል፣ ፍሎይድ ሮዝ የያዘው ግን ላብ ላብ ይለዋል። በግማሽ ቶን ብቻ የክሩ ጉልበት 11 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ ብሪጁ ይሰምጣል። ሰርግ ላይ ይዞ መውጣት ለእኔ አይታየኝም። ሁሌም አንድ ሙሉ ቶን ወርዳችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ግን የ10ን ክር አስገቡ፣ ሙሉ ቶን ወርዶ የሚጎትተው 37 ኪሎ ገደማ ነው፣ 9ኙ በተለመደው ቅኝት ከሚጎትተው ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረውም፣ ስለዚህ ለ9 የተስተካከለውን ሞላ ብዙም ሳትነኩት ልትገላገሉ ትችላላችሁ።